ሐረጎን መውጣት ብቻውን አዲስ አበባ አያደርስም፦ ለ«ሠላሳ ቀን ይበቃል» ባዩ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ልጆች የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ከርሟል። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደረሰኝ። ከደሴ ተነስቶ በሳይክል በሁለት ቀን አዲስ አበባ ለመግባት የሠላሳ ቀን ዝግጅት ይበቃል ይላል። አጻጻፉ ይጣፍጣል። አንብበው ሲጨርሱት ተነስ ተነስ ይላል። ሳይክላቸውን ከጓሮ አውጥተው አቧራውን ያራገፉ ልጆች አሉ፤ ለዚህ ጸሐፊው ምስጋና ይገባቸዋል። እኔን ያሳሰበኝ ልጆቹ ሠላሳውን ቀን ጨርሰው መንገድ ሲወጡ የሚገጥማቸው ነገር ነው።

በቅድሚያ ጽሑፉ የሚለውን በትክክል ላስቀምጥ። ያላነበበ ሰውም ይከታተል፣ ጸሐፊውም ያላልኩትን አስባልከኝ እንዳይሉኝ። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ። የደጋ ሰው ሳንባው የተዘጋጀ ስለሆነ ረጅም ልምምድ አያስፈልገውም፣ አንድ ወር ይበቃዋል። ልምምዱ በየቀኑ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን አቀበት ባለ በሌለ ኃይል መውጣት ነው። ሳይክሉ ማንኛውም ይሁን፣ ዋናው ወኔ ነው። ሰውነት ስብ ማቃጠል እንዲለምድ ልምምዱ በባዶ ሆድ ይሁን። መንገድ ላይ ምግብ ያከብዳል፣ ውሃ ግን በብዛት ይጠጣ። ድካም ሲመጣ ቡና፣ ካስፈለገም ትንሽ ጫት። ቁልቁለት እረፍት ነው። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ትልቅ ጉዞ ይሞከር፣ በዋዜማው ሥጋ ተበልቶ ይነሳ።

ከዚህ ውስጥ ልክ የሆነ አለ። ግማሹ ልክ የሆነ አለ። ሰው ሆስፒታል ሊያስገባ የሚችልም አለ።

ከሳንባው እንጀምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ከዚህ አየር ጋር ተስማምቷል። ስለዚህ ጸሐፊው የደጋ ሰው መነሻው ጥሩ ነው ሲሉ እውነታቸውን ነው። ግን ከመነሻ አያልፍም። ሳንባ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ከጦሳ ግርጌ ያደገ ሁሉ ብስክሌተኛ በሆነ ነበር።

ራሳቸው ጸሐፊው በምሳሌነት የጠቀሷቸውን ሁለት ሰዎች እንያቸው። ጽጋቡ ግርማይ የመቀሌ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ቢኒያም ግርማይ የአስመራ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ ለነጥብ መሪው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደ። ሁለቱም ከደጋ መጡ፣ ልክ ነው። ግን በከፍታ ብቻ ከሆነ ደሴ ከሁለቱም ከተሞች ትበልጣለች። ታዲያ የእኛ ቢኒያም የት አለ? መቀሌና አስመራ ከደሴ የሚበልጡት በአየር ሳይሆን በሳይክል ባህል ነው። እዚያ ልጅ ገና በጠዋቱ ሳይክል ላይ ይወጣል፣ ክለብ አለ፣ ውድድር አለ፣ ታላቅ ታናሹን ያሠለጥናል። የጽጋቡ አባት ራሳቸው ብስክሌተኛ ነበሩ። ሁለቱም ከዚያ ደረጃ የደረሱት ዓመታት ነድተው ነው። ምሳሌው የሚያረጋግጠው የጸሐፊውን ተቃራኒ ነው።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። ይህ መንገድ ደጋ ብቻ አይደለም። ከደሴ ሲወርዱ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ከሚሴ 1,400፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። የመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው ቆላ ውስጥ ነው። የደሴ ሰው ለስስ አየር የተመቸ ነው፤ ለከሚሴ የቀትር ፀሐይ ግን እንግዳ ነው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ በሙቀት ውስጥ ተደጋጋሚ ልምምድ ይፈልጋል፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ የደም መጠን ይጨምራል፣ የልብ ምት ይረጋጋል። ይህን ደሴ ላይ ሆኖ ጠዋት በብርድ በመንዳት አያገኙትም። ከጉዞው በፊት በነበሩት ሳምንታት ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ረፋድና ቀትር ላይ ወጣ ብሎ መመለስ ከአሥር የሐረጎ አቀበት ይጠቅማል።

ሠላሳ ቀኑ ራሱስ? ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላሉ። ሰውን የሚያታልለውም ይህ ነው። ጅማት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ወራት ይፈልጋል። ትንፋሹ የተሻሻለለት ልጅ በአራተኛው ሳምንት እንደ አንበሳ ይነዳል፤ ጉልበቱ ግን ገና አልተዘጋጀም። መቀመጫ፣ መዳፍ፣ አንገትና ወገብም ተራቸውን ይፈልጋሉ። ለአንድ ሰዓት ምንም የማይል መቀመጫ በሰባተኛው ሰዓት እሳት ይሆናል። ይህን የሚያለማምድ ነገር ሰዓት ብቻ ነው።

በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት ጉዞ የቆየ ልምድ ያላቸውን እንይ። በፈረንሳይ ከፓሪስ ብሬስት ከተማ ደርሶ መልስ የሚባለው የ1,200 ኪሎ ሜትር ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1891 የተጀመረ ነው። ዛሬ በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል፤ ረጅሙ የጊዜ ገደቡ 90 ሰዓት ነው። እዚያ ለመግባት በዚያው ዓመት 200፣ 300፣ 400 እና 600 ኪሎ ሜትር ተነድቶ መጠናቀቅ አለበት። ዝም ብሎ ወኔ አለኝ ማለት አያስገባም። ደረጃ በደረጃ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው የሚመች ነገርም አለ፤ ልደብቀው አልፈልግም። የ200 ኪሎ ሜትሩ ገደብ 13 ሰዓት ተኩል ነው። ሲካፈል በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ምግቡም እረፍቱም ተቆጥሮ። ያ የሻምፒዮን ፍጥነት አይደለም። ስለዚህ ተራ ሰው ይችለዋል የሚለው ሐሳባቸው ትክክል ነው። ተራ ሰው ይችለዋል፤ በሠላሳ ቀን ግን አይደለም። ቀድሞውንም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የሚነዳ፣ 50 ኪሎ ሜትር የማያስጨንቀው ሰው ሦስት ወር ቢሰጠው 200 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ከዜሮ የሚነሳ ግማሽ ዓመት ያስብ። ለሁለት ተከታታይ ቀን ደግሞ ከዚያም በላይ።

አሁን ወደ ሐረጎ። ጽሑፉ ውስጥ በጣም የተወደደው ክፍል ይህ ይመስለኛል፤ በየቀኑ ሐረጎ፣ በሙሉ ኃይል። ይገባኛል፣ ያኮራል። ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መውጣት ቀልድ አይደለም። ግን ካርታውን አንዴ እንየው። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሐረጎን አይወጣም። ይወርደዋል!

የዚህ መንገድ እውነተኛ አቀበት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጉዞው በሁለት ቀን ከተከፈለ የመጀመሪያው ቀን ማደሪያ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ይሆናል። ይህ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከ1,300 ሜትር ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማበር ይወጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ። ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ አቀበት፣ ትናንት ሙሉ ቀን በነዳ እግር። ከዚያ በኋላም አዲስ አበባ ገና ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራታል። የጸሐፊው ልምምድ ለዚህ አያዘጋጅም። ትኩስ እግር ላይ ያለ የሁለት ሰዓት ትግልና የደከመ እግር ላይ ያለ የስድስት ሰዓት አቀበት ለየቅል ናቸው። ከሐረጎ የሚገኝ ጥቅም ከተፈለገ ረጅም ጉዞ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ። ከደሴ ወርዶ፣ ሐርቡ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ ከዚያ ሐረጎን ቀስ ብሎ መውጣት። ያኔ ልምምድ ይሆናል።

በየቀኑ በሙሉ ኃይል የሚለውንም አልቀበልም። የጽናት ስፖርተኞች አብዛኛውን ልምምዳቸውን ቀለል አድርገው ነው የሚሠሩት። ከአምስት ቀን አራቱ እየተነዳ ወሬ የሚወራበት ፍጥነት ነው። አንዱ ቀን ብቻ ጠንከር ይላል። በየቀኑ የሚታገል ሰው ከሁለቱም ይወጣል፤ ለቀላሉ በጣም ይከብዳል፣ ለከባዱ በጣም ደክሟል። ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው። ማረፍ ስንፍና አይደለም፣ አብሽሩ።

የደሴ ሰው እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ያነሳል። ደሴ ውስጥ ቀለል ብሎ የሚነዳበት መንገድ የት አለ? ከፒያሳ ወደ የትም ብትዞር ወይ አቀበት ነው ወይ ቁልቁለት። እውነት ነው። የደሴ ልጅ ሜዳ ሲያምረው ወደ ኮምቦልቻ መውረድ አለበት። ከዚያ ወደ ሐርቡ መንገዱ ዝቅ እያለ ይሄድና ከሐርቡ በኋላ የጨፋ ሜዳ ይመጣል። የቦርከናን አካባቢ ይዞ እስከ ከሚሴ ለረጅም ሰዓት ያለ ጭንቅ መንዳት ይቻላል። መመለሻው ያስፈራል? ሳይክሉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሮ መውጣት አያሳፍርም። ረዳቱ ለሳይክሉ ሊያስከፍል ይችላል፤ ዋጋ መከራከርም የልምምዱ አካል ነው።

ሳይክሉ ማንኛውም ይሁን የሚለው ላይ ግማሽ መንገድ እንስማማለን። ውድ ካርቦን አያስፈልግም። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ማውንቴን በደንብ ከተያዘ አዲስ አበባ ያስገባል። ችግሩ ጸሐፊው ማርሽ የሌለውንም ጨምረው መናገራቸው ነው። አባቶቻችን ማርሽ በሌለው ፊኒክስ ሳይክል አገር ላገር ዞረዋል ይላሉ። ዞረዋል። ግን አቀበት ሲደርሱ ወርደው ይገፉ ነበር፤ ብልሆች ስለነበሩ።

ሒሳቡን እንሥራው። የፊት ጥርሱ 44፣ የኋላው 18 የሆነ ባለአንድ ማርሽ ሳይክል ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 5 ሜትር ያህል ይሄዳል። አቀበት ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ሰው በደቂቃ 133 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ፔዳሉ በደቂቃ 26 ጊዜ ብቻ ይዞራል። እያንዳንዱ ዙር ጉልበት ላይ የሚያርፍ ሸክም ነው። የፊቱ 34፣ የኋላው 32 በሆነ ማርሽ ግን አንድ ዙር 2.2 ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ፍጥነት ፔዳሉ 60 ጊዜ ይዞራል። ማውንቴን ላይ 22 በ32 ካለ ደግሞ 90 አካባቢ። ሥራው ያው ነው፤ በትንሽ በትንሹ ተከፋፈለ እንጂ። ጣርማበር ላይ ጉልበትን የሚያተርፈው ይህ ክፍፍል ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው የመቀመጫ ከፍታም አለ። በከተማችን ብዙ ሰው መቀመጫውን በጣም ዝቅ አድርጎ ነው የሚነዳው፤ ሲቆም እግሩ መሬት እንዲነካለት። ለሰፈር ይሆናል። ለ200 ኪሎ ሜትር ግን የጉልበት ሕመም መጥሪያ ነው። ማስተካከያው ቀላል ነው። ሳይክሉ ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ፔዳሉ ላይ ማድረግ፣ ፔዳሉን ወደ ታች መጨረሻ ማውረድ። እግር ቀጥ ካለ ከፍታው ልክ ነው። ሲነዳ በእግሩ የፊት ክፍል ስለሚረገጥ ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ ይላል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቁልፍ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ጸሐፊው ባዶ ሆድ ይላሉ። በከፊል መሠረት አለው። ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ አንድ ሰዓት ቀለል አድርጎ መንዳት ለጤነኛ ሰው ጉዳት የለውም። ወደ ረጅም ጉዞ ሲመጣ ግን ሒሳቡ አይገባም። ጡንቻና ጉበት የሚያስቀምጡት ስኳር 400 እስከ 500 ግራም አካባቢ ነው፤ ወደ 2,000 ካሎሪ ይጠጋል። ጠንከር አድርጎ ለሚነዳ ሰው ይህ በሁለት ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ስብ ብዙ ነው፤ ግን በዝግታ ነው የሚቃጠለው። ስኳሩ ያለቀበት ሰው እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጭንቅላቱ ይዞርበታል፣ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ማልቀስ ያምረዋል። ወኔ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ጭንቅላትም ስኳር ነው የሚበላው።

ስለዚህ በረጅም ጉዞ ላይ በየሰዓቱ 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት መግባት አለበት። ሆዳቸው የለመደ እስከ 90 ይደርሳሉ። ለዚህ የውጭ አገር ጄል መግዛት የለብንም። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። 100 ግራም ዳቦ 50 ገደማ። በሶ ደግሞ ከመቶው ግራም ሰባው ያህል ካርቦሃይድሬት ነው። በሶ ብጥብጥ በስኳር ወይም በማር አድርጎ በውሃ መያዣ መያዝ ይቻላል። ባቲ ገበያ የደረሰ ሰው ቴምርም ይያዝ። ቆሎ ግን እየነዱ ለማኘክ አይመችም፤ ለእረፍት ይቆይ። ዋናው ርሃብ ሳይመጣ መጀመር ነው፤ ከተነሱ ግማሽ ሰዓት አካባቢ፣ ከዚያም በትንሽ በትንሹ። ምግብ ያከብዳል የሚሉት ሆዱ ያልለመደ ሰው ሲያጋጥማቸው ይሆናል። ሆድም ይሠለጥናል። ለዚህም ነው በባዶ ሆድ ብቻ የተለማመደ ሰው በጉዞው ቀን መብላት የሚያቅተው።

ጸሐፊው ባዶ ሆድን ከጾም ጋር አያይዘው፣ ጾመኛ ግማሹን ልምምድ ጨርሷል ብለዋል። ደሴ ረመዳንም ዐቢይ ጾምም በአንድ ግቢ የሚጾምባት ከተማ ስለሆነች ነገሩ ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው። የጾም ምግብ ራሱ ለብስክሌተኛ መጥፎ አይደለም። ሽሮው፣ ዳቦው፣ በሶው፣ ድንቹ የሚፈለገው ካርቦሃይድሬት ነው። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። በረመዳን ቀለል ያለ ልምምድ ከአፍጥር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ወዲያው ይጠጣል፣ ይበላል። ረጅሙ ጉዞ ከጾሙ በኋላ ይጠብቅ። ሳይጠጡ ሐርቡ ፀሐይ ላይ አምስት ሰዓት መንዳት ሃይማኖቱም የሚጠይቀው አይመስለኝም።

አሁን ከሁሉም ይበልጥ ያስደነገጠኝ ውሃው ነው። ጽሑፉ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሊትር እንዲጠጣ ይመክራል። ይህ አደገኛ ነው። ለሰዓታት የሚያልበው ሰው ከውሃው ጋር ጨውም ያጣል። ባዶ ውሃ ብቻ ከላይ ከላይ ሲሞላበት በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት ይመጣል፤ ሲከፋ አንጎል ያብጥና ሕይወት ያሳጣል። ክፉነቱ ደግሞ ምልክቱ የውሃ ጥም ድካም መምሰሉ ነው። ጓደኛ አይቶ ሌላ ውሃ ያጠጣዋል። በረጅም ርቀት ውድድሮች ላይ ሰዎች በዚህ ሞተዋል።

ለብዙ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ይበቃል። ሙቀት ሲበዛ ትንሽ ይጨምራል፤ ጥምን መከተል ነው። በልምምድ ቀን ከመነሳት በፊትና ከተመለሱ በኋላ መመዘን ጥሩ መፈተኛ ነው። ክብደት ጨምረው ከተመለሱ አብዝተው ጠጥተዋል ማለት ነው። የቤት መጠጥም ይሠራል። ለአንድ ሊትር ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሎሚ ጨመቅ ማድረግ። ምግቡም መጠጡም አንድ ላይ ይገባል።

ቡናና ጫትን ጸሐፊው አንድ ላይ አስቀምጠዋል። እኔ እለያቸዋለሁ። ቡናው ላይ ልክ ናቸው። ካፌይን ጽናትን እንደሚረዳ በደንብ ተረጋግጧል፤ በኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ያህል ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በስፖርት ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ፤ የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና የደጋገመ ሰው ሸዋ ሮቢት ላይ አይኑ ሳይከደን ያድራል፣ ጠዋት ጣርማበር ይጠብቀዋል።

ጫቱ ሌላ ነው። የሞራል ስብከት ልሰብክ አይደለም፤ በአገራችን ማን ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። የሰውነት ጉዳይ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው። የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያሳጣል። ብስክሌተኛ በየሰዓቱ መብላት አለበት ብለን አሁን ተነጋገርን። ልቡ በሙቀትና በአቀበት ተወጥሯል። ማታ መተኛት አለበት። ጫት ሦስቱንም ይነካል። ድካምን አያጠፋም፤ የድካምን ምልክት ነው የሚደብቀው። ቆም በል የሚለውን ድምፅ ማፈን 40 ዲግሪ የሞቀ ሰውነት ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም። አንድ ቀን ውድድር ለመግባት የሚያስብ ወጣትም ይወቀው፤ ካቲኖን በዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። ካቲን የተባለው ሌላው የጫት ንጥረ ነገርም በሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ካለፈ ያስቀጣል።

ቁልቁለት እረፍት ነው? ለእግር አዎ። ለእጅ፣ ለፍሬንና ለዓይን ግን ሥራ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ገና ጠዋት በብርድ እጁ ደንዝዞ ፍሬን ይይዛል። ከፊቱ አይሱዙ፣ ከኋላው ሲኖትራክ፣ ኩርባው ላይ በግ አለ። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ጨብጦ የሚወርድ ሰው ቸርኬውን ያግላል፤ ሲብስ ካላማዳሪያው ይፈነዳል። ኩርባ ከመድረሱ በፊት ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ ኩርባው ውስጥ ግን አለመያዝ ነው። የፍሬን ሸራ ከመነሳት በፊት ይታይ። ጓንትና ነፋስ የሚከለክል ጃኬት ይያዝ፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ይወልቃል። የሚውለበለብ ነጠላም ሻርፕም አይደረግ። በዚያ ላይ ጣርማበር ላይ ጣሊያን የሠራው ዋሻ አለ፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጉምም ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የፊት መብራትና ከኋላ ቀይ መብራት የሌለው ብስክሌተኛ እዚያ ውስጥ ለሹፌር አይታይም። ጽሑፉ ስለ መብራት አንድ ቃል የለውም። የመንገዱ ሰላምም አለ፤ ጸሐፊው እንዳሉት ከመነሳት በፊት ይጠየቃል፤ እዚህ ላይ ልዩነት የለንም።

የመጨረሻውን ሳምንት ቶሎ ልለፈው። ከጉዞው አምስት ቀን ቀደም ብሎ 150 ኪሎ ሜትር መንዳት ጥንካሬ አይጨምርም፤ ጊዜ የለውም። ድካም ብቻ ይጨምራል። በመጨረሻዎቹ አንድ ወይም ሁለት ሳምንታት የኪሎ ሜትሩ መጠን በግማሽ ገደማ ይቀነስ። አልፎ አልፎ የሚደረገው አጠር ያለ ጠንካራ ልምምድ ግን አይቅር። በዋዜማው ከጥሬ ሥጋ ይልቅ እንጀራ፣ ፓስታ፣ ሩዝ ይሻላል። ሥጋው አዲስ አበባ ሲገባ ይበላል፤ ያኔ እኔም እጋብዛለሁ። አዲስ ጫማና አዲስ መቀመጫም ለዚያ ቀን አይገዛ።

ሠላሳ ቀን ብቻ ያለው ልጅ ታዲያ ምን ያድርግ? ጽሑፉን አንብቦ ለተነሳሳ ሰው ቁጭ በል ማለት አልፈልግም። ሠላሳ ቀን፣ ከዚያ በፊትም ትንሽ ይነዳ ከነበረ፣ ከኮምቦልቻ ከሚሴ ደርሶ መልስ ይበቃል። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሳምንት አራት ቀን ይንዳ፤ ሦስቱ ቀለል ያሉ፣ አንዱ ረጅም። ረጅሙ በ40 ይጀምር፣ በየሳምንቱ በ15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደግ፤ የመጨረሻው ሳምንት ይቀንስ። በጉዞው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ይነሳ፤ መመለሻው ወደ ላይ ስለሆነ ቀትር ከመድረሱ በፊት ከሐርቡ ቢያልፍ ይሻለዋል። ሁለት የውሃ መያዣ፣ መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ የእጅ መንፊያና በሶ ይያዝ፤ ጎሚስታ በየቦታው አይገኝም። ያን ጨርሶ በማግስቱ ጉልበቱ ካላመመው፣ ጸሐፊውም እኔም ስለ 200 ኪሎ ሜትሩ የምንነግረው ነገር አለን።